የአሮጌ ጭነት መኪና ኩሽኔታ፦ ቁጥሩ ልኩን እንጂ ጥራቱን አይናገርም

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚዘልቀው ኢንተርስቴት 880 አውራ ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሲጓዝ፣ ከፊት ጎማው አካባቢ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ይሰማ ይሆናል። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ይጎላል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ይደበዝዛል። ሬዲዮ ከተከፈተ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ብዙ አሽከርካሪዎች ጎማው ስለተበላ ነው ብለው ያልፉታል። ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ የሚመነጨው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ከሚዞር፣ በአንድ እጅ መዳፍ ከሚያዝ የብረት ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ኩሽኔታ ይባላል። ጉዳቱ ሳይታወቅ እስከ መጨረሻው ከተነዳበት ጎማው ከነሞዞው ከመኪናው ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል።

ባለቤቱ ችግሩን በጊዜ ተረድቶ ወደ መለዋወጫ መደብር ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ካርቶኖች ይቀርቡለታል፤ የአንደኛው ዋጋ ከሌላው በእጅጉ ያንሳል። ሁለቱም በሞዞው ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ኩሽኔታ የሚሠራውን ሥራና የሚሠራበትን ብረት ማወቅ ያስፈልጋል።

በሞዞ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ

ኩሽኔታ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው። የኢትዮጵያ ጋራዦች ዳዶን፣ ግራሶን፣ ሞዞንና ክሪክን ከዚያው ቋንቋ እንደወረሱ ሁሉ ይህንንም ቃል ወርሰዋል። ቃሉ በመነሻው ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ስያሜው ሥራውን ይገልጻል፤ ኩሽኔታ በሚዞረውና በማይዞረው አካል መካከል ገብቶ ሸክሙን የሚቀበል መደገፊያ ነውና።

በአሮጌ ፒክአፖች፣ በተለይም ሞተራቸው የኋላ ጎማን ብቻ በሚያሽከረክር መኪኖች ላይ፣ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሞዞ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኩሽኔታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ትልቅ ሆኖ ወደ መኪናው አካል ቀርቦ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ትንሽ ሆኖ ወደ ውጭ ይቀመጣል። እያንዳንዱ አራት ክፍሎች አሉት፦ በጎማው ዘንግ ላይ የሚሰካ ውስጠኛ ቀለበት፣ በሞዞው ውስጥ ተጠብቆ የሚገባ ውጫዊ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል የሚንከባለሉ ሮለሮች፣ እንዲሁም ሮለሮቹን በእኩል ርቀት የሚይዝ ማቀፊያ።

ሮለሮቹ ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱ ሾጣጣ ቅርጾች ናቸው። ይህ ቅርጽ ያለምክንያት አልተመረጠም። መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ ኩሽኔታውን የሚጫነው ክብደቱ ነው። ኩርባ ሲዞር ግን ከጎን የሚገፋ ኃይል ይጨመራል። ሾጣጣው ሮለር ሁለቱንም ኃይሎች በአንድ ጊዜ መሸከም ይችላል። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው ስለሚቀመጡም አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ግፊት ይቀበላል።

ይህን ሐሳብ ለሠረገላ ያዋለው ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲምከን ነው። ሠረገላዎች ኩርባ ሲዞሩ ዘንጋቸው በጎን ግፊት እንደሚጎዳ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ከአንድ ዘመዱ ጋር የሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ በ1901 ወደ ካንተን፣ ኦሃዮ ተዛወረ። ስዊድናዊው ስቬን ዊንግኲስት ደግሞ በ1907 በጎተንበርግ ኤስኬኤፍን መሠረተ። ኤንኤስኬ እና ኤንቲኤን የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎችም በዚያው የዘመን አካባቢ የተጀመሩ ናቸው። ዛሬ በመደብር መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ታዋቂ ስሞች ከመቶ ዓመት በላይ ልምድ ያላቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

የጭነት መኪና የተሠራባት ምድር

የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ዛሬ የሚታወቀው በኮምፒውተርና በሶፍትዌር ነው። ለረጅም ዘመን ግን የጭነት መኪና መሥሪያም ነበር። ሼቭሮሌ በኦክላንድ ፋብሪካ የከፈተው በ1916 ነው። ፋጅዮል የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ሥራ ጀመረ። ቲ. ኤ. ፒተርማን የተባለ የእንጨት ነጋዴ በ1939 የፋጅዮልን ንብረት ገዝቶ ፒተርቢልት የሚባለውን ከባድ የጭነት መኪና ማምረት ጀመረ፤ ድርጅቱ በ1960 ወደ ጎረቤቷ ኒውአርክ ከተማ ተዛወረ። ፎርድ ከ1955 እስከ 1983 በሚልፒታስ መኪኖችን ገጣጥሟል፤ ሕንፃው አሁን ግሬት ሞል የተባለ የገበያ ማዕከል ነው። በፍሪሞንት ደግሞ ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በ1984 በጋራ የከፈቱት ኑሚ የተባለ ፋብሪካ እስከ 2010 ድረስ ቶዮታ ታኮማን ጨምሮ ብዙ መኪኖችን አምርቷል፤ ዛሬ ቴስላ ይሠራበታል።

ከእነዚህ መኪኖች መካከል ዕድሜያቸው ገፍቶም ሳር ቤት የሚያጸዱ፣ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙ፣ የግንባታ ቁሳቁስ የሚያመላልሱ አሁንም በመንገድ ላይ ይታያሉ። የሚጓዙበት መንገድም ቀላል አይደለም። በኦክላንድ በኩል በሚያልፈው ኢንተርስቴት 580 ከግራንድ ጎዳና እስከ ሳን ሊያንድሮ ወሰን ድረስ ከአራት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝኑ የጭነት መኪኖች እንዳያልፉ የተከለከለ ስለሆነ፣ ከባዱ ጭነት ሁሉ በኢንተርስቴት 880 ላይ ይከማቻል። የኦክላንድ ኮረብታዎች ቁልቁለት ፍሬንን ያግላል፤ ሙቀቱም ከፍሬኑ ወደ ሞዞው፣ ከሞዞው ወደ ግራሶው ይሸጋገራል። ጀልባ ለመጎተት የሚያገለግል መኪና ወይም ተጎታች ደግሞ ሞዞው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሊነከር ይችላል።

ጭነትና ዕድሜ

የጎማው ዙሪያ ወደ 2.3 ሜትር የሚጠጋ መኪና ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ለመድረስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ እያንዳንዱ ጎማ 28 ሺህ ጊዜ ገደማ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር የኩሽኔታው ብረት ይጫናል፣ ይለቀቃል፤ እንደገና ይጫናል። ብረት በዚህ መንገድ ይዝላል። መጀመሪያ ከገጹ በታች በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስንጥቁ እያደገ ገጹ ላይ ሲደርስ የብረት ፍርፋሪ ተቆርሶ ይወድቃል። አሽከርካሪው የሚሰማው ማጉረምረም ሮለሮች በዚያ ጉድጓድ ላይ ሲንከባለሉ የሚፈጠር ነው።

መሐንዲሶች ይህን ዝለት የሚያሰሉበት ደንብ አላቸው። የአንድ ኩሽኔታ ዕድሜ የሚገለጸው ከተመሳሳይ መቶ ኩሽኔታዎች ዘጠናዎቹ ሳይበላሹ በሚያልፉት የዙር ብዛት ነው። በሮለር ኩሽኔታ ላይ ጭነቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ጭነቱ በ20 ከመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ ከዕድሜው የሚቀረው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ ጊዜ ለመሄድ ተብሎ ከልክ በላይ የሚጫን ፒክአፕ የሚከፍለው ዋጋ ከነዳጅ በላይ መሆኑን ይህ ስሌት ያሳያል። ምርጡ ኩሽኔታም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በቁጥሩ የማይነበበው

ወደ ሁለቱ ካርቶኖች እንመለስ። በቀላል ተሽከርካሪዎችና በተጎታቾች ላይ የሚሠራውን ኤልኤም 67048 የተባለ ውስጠኛ ቀለበትና ጓደኛውን ኤልኤም 67010 የተባለ ውጫዊ ቀለበት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ኤልኤም የሚለው ምልክት ኩሽኔታው ከቀላልና ከመካከለኛ የጭነት ምድብ መካከል መሆኑን ያመለክታል። 670 የቤተሰቡ መለያ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደግሞ የውስጡን ከውጩ ይለያሉ፦ 48 በዘንጉ ላይ የሚገባው፣ 10 በሞዞው ውስጥ የሚገባው ነው። የውስጠኛው ቀለበት ቀዳዳ 31.75 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ አሰያየም በኢንዱስትሪው ዘንድ የጋራ ስለሆነ ማንኛውም አምራች ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጣል፤ ዕቃው ልክ መሆኑን። ከምን ብረት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተሞረደ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይናገርም። እውነተኛው የጥራት ልዩነት ያለው ቁጥሩ ዝም ባለባቸው በእነዚህ ነገሮች ላይ ነው።

የመጀመሪያው የብረቱ ንጽሕና ነው። ለኩሽኔታ በስፋት የሚያገለግለው አረብ ብረት አንድ ከመቶ ገደማ ካርቦንና አንድ ተኩል ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ይዟል። ነገር ግን ሁለት ብረቶች ይህን ልክ እኩል ይዘው በጥራት ሊራራቁ ይችላሉ። ብረቱ ሲቀልጥ በውስጡ የሚቀሩ ደቃቅ የኦክሳይድ ቅንጣቶች የዝለት ስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ። ጥሩ አምራች የቀለጠውን ብረት አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ በማሳለፍ ያጠራዋል። ይህ ወጪ አለው፤ ርካሹ ኩሽኔታ ከሚቀንሳቸው ወጪዎች አንዱም ይህ ነው።

ሁለተኛው የጥንካሬው አሰጣጥ ነው። አንዳንድ ኩሽኔታዎች ከገጽ እስከ እምብርት እኩል ይጠነክራሉ። ሌሎች ደግሞ ገጻቸው ብቻ በካርቦን እንዲጠነክር ተደርጎ ውስጣቸው ድንጋጤን እንዲችል ይተዋል። ሁለቱም ዘዴዎች በትክክል ከተሠሩ ጥሩ ናቸው። የሙቀቱ ሂደት ከተጓደለ ግን ገጹ ለስላሳ ሆኖ ቶሎ ይበላል፤ ወይም ከመጠን በላይ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው የልኬት እኩልነት ነው። በአንድ ኩሽኔታ ውስጥ ካሉት ሮለሮች አንዱ ከሌሎቹ በጥቂት ማይክሮ ሜትር ቢወፍር፣ የጓደኞቹን ሸክም እርሱ ይሸከማል። ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህም ሌላ ጥሩ አምራች የሮለሩን ጎን ፍጹም ቀጥ አያደርገውም፤ ጫፎቹ ላይ ግፊቱ እንዳይበረታ መሐሉን በዓይን በማይታይ መጠን ያጎብጠዋል። ይህ ሥራ በመደብር መስኮት ላይ አይታይም፤ የሚታየው ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ሰው ጥራትን በተሠራበት አገር ይለካል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ግን ቻይናን ጨምሮ በብዙ አገሮች ፋብሪካ አላቸው። በአምራቹ ቁጥጥር ሥር የተሠራ ኩሽኔታ የትም ይሠራ የትም ለዚያው መመዘኛ ተገዢ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የት ተሠራ?» ሳይሆን «ለጥራቱ ስሙን አስይዞ የሚጠየቀው ማን ነው?» የሚለው ነው። የአምራች ስም ያልተጻፈበት ነጭ ካርቶን ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

ሐሰተኛው ኩሽኔታ

ስም ያለበት ካርቶን ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም። ታዋቂ ስም ዋጋ ስለሚያወጣ አስመሳዮች ካርቶኑንም ጽሑፉንም ይቀዳሉ። ችግሩ የአንድ አገር አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ከበይነ መረብ የሚገዛ፣ በአዲስ አበባም በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልግ ደንበኛ እኩል ሊገጥመው ይችላል። በተለይ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ መኪና ኩሽኔታ የሚልክ ሰው ቢሳሳት ዕቃውን ለመመለስ የሚኖረው ዕድል ጠባብ ነው።

ታላላቆቹ አምራቾች በዓለም የኩሽኔታ ማኅበር በኩል ሐሰተኛ ምርትን የመከላከል ዘመቻ ያካሂዳሉ። ማኅበሩ በካርቶን ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ካሜራ አንብቦ ከተባባሪ አምራቾች መዝገብ ጋር የሚያመሳክር መተግበሪያም አውጥቷል። ከዚህ ውጭ ገዢው በራሱ ዓይን ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። በቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከካርቶኑ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ መሆን የለበትም። ሁሉም ሮለሮች በመልክ አንድ ዓይነት፣ ገጻቸውም ከጭረትና ከዝገት የጸዳ መሆን አለበት። ዋጋው ከሌላው ቦታ ሁሉ በማይታመን መጠን ካነሰ ያው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከአምራቹ ፈቃድ ካለው አከፋፋይ ደረሰኝ ይዞ መግዛት ነው።

ከአሮጌ መኪና ማራገፊያ የወጣ ያገለገለ ኩሽኔታን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፤ አለመግዛት። ምን ያህል እንደተጫነና ስንት ዙር እንደቀረው የሚያውቅ የለምና።

ጥሩ ኩሽኔታ በመጥፎ እጅ

ብዙ ኩሽኔታ ከዕድሜው በፊት የሚሞተው በብረቱ ድክመት ሳይሆን በአገጣጠሙ ነው። አዲስ ውስጠኛ ቀለበትን በአሮጌው ውጫዊ ቀለበት ላይ መግጠም የተለመደ ቁጠባ ነው። ይሁን እንጂ የአሮጌው ቀለበት ገጽ ከቀድሞዎቹ ሮለሮች ጋር አብሮ ተበልቷል። አዲሶቹ ሮለሮች በዚያ ገጽ ላይ ሲንከባለሉ ጉዳቱን ይወርሳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቀለበቶች ሁልጊዜ አብረው ይለወጣሉ። ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውኃም እንዳይገባ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ወይም ሲልም አብሮ ይለወጣል።

ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በአሜሪካ ገበያ ጂሲ-ኤልቢ የሚል ምልክት ያለበት ኤንኤልጂአይ ቁጥር 2 ግራሶ ለዲስክ ፍሬን ሙቀት ጭምር የሚስማማ ነው። አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ሳይወጣ አዲስ መጨመር አይገባም፤ የተለያየ መሠረት ያላቸው ግራሶዎች ሲደባለቁ ሊቀጥኑና ሊፈስሱ ይችላሉ። የታጠበን ኩሽኔታ በአየር ግፊት እያሽከረከሩ ማድረቅም አደገኛ ነው። ያለ ግራሶ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ ሮለሮቹን ሊወረውር ይችላል።

የመጨረሻው የዳዶው አጠባበቅ ነው። ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ እንደ ሌላው ብሎን እስኪበቃ ድረስ አይጠብቅም። መካኒኩ ሞዞውን እያዞረ ዳዶውን ያጠብቃል፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን ሲይዙ ያላላዋል፤ ከዚያም የመኪናው መመሪያ በሚያዘው መጠን ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። በከባድ የጭነት መኪኖች ላይ የሚመከረው የጥቂት እንቅስቃሴ ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ካነሰ ኩሽኔታው ይግላል፤ ከዚህ ከበለጠ ጎማው ይንገዳገዳል፣ ሸክሙም በጥቂት ሮለሮች ላይ ይወድቃል። ዳዶው እንዳይላላ የሚያስረው ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

በአዳዲስ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ የታሸገ ኩሽኔታ ግን በዚህ መንገድ አይስተካከልም፤ ሲበላሽ በሙሉ ይለወጣል። የእርሱም ዳዶ መመሪያው ባዘዘው ኃይል፣ በኃይል መለኪያ ቁልፍ መጠበቅ አለበት።

አሮጌው ዕቃ የሚናገረው

ኩሽኔታ መበላሸቱን ለማወቅ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በክሪክ ተነሥቶ፣ በመደገፊያ ከተደገፈ በኋላ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። እንቅስቃሴ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ከመሪው ወይም ከእገዳው መገጣጠሚያዎች ሊሆን ይችላል። በጉዞ ላይም ምልክት አለ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ይጋደላል። ማጉረምረሙ በዚያን ጊዜ ከጎላ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላም አሮጌው ዕቃ መጣል የለበትም፤ ለምን እንደሞተ የሚናገር ምስክር ነውና። ገጹ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ግሎ ነበር፤ ግራሶ አንሶታል ወይም ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል። በሮለሮቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ ጠባሳዎች ካሉ ከጉድጓድ ወይም ከድንጋይ ጋር የተጋጨ ነው። ዝገት ካለ ሲሉ ውኃ አስገብቷል። የተቆረሰ ብረት ካለ ዝሎ አልቋል። ይህ ሳይታወቅ አዲስ መግጠም ሁለተኛውንም ለዚያው ሞት መስጠት ነው።

በካሊፎርኒያ ይህን ምስክር ማግኘት የደንበኛው መብት ነው። ጋራዦች በግዛቲቱ የተሽከርካሪ ጥገና ቢሮ የተመዘገቡ መሆን አለባቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊትም የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሊሰጡ ይገባል። ደንበኛው ሥራው ሲታዘዝ ከጠየቀ፣ በዋስትና ወይም በልውውጥ ለአምራቹ ከሚመለሱት በስተቀር የተፈቱት ዕቃዎች ይሰጡታል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ባለቤቶች ይህን መብት ማወቁ ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በአጭሩ፣ ባለቤቱ ወደ መደብር ሲሄድ ሦስት ነገሮች ይዞ ይሂድ፦ ከአሮጌው ኩሽኔታ ላይ የተነበበውን ቁጥር፣ አሮጌው የሞተበትን ምክንያት፣ እንዲሁም በስሙ የሚጠየቅ አምራች የመምረጥ ቁርጠኝነት። ቁጥሩ ልኩን ያገኝለታል፤ ምክንያቱ ስሕተቱ እንዳይደገም ያደርጋል፤ የአምራቹ ስም ደግሞ ቁጥሩ ስለማይናገረው ብረት ዋስ ይሆናል። ከርካሹ ካርቶን የሚተርፈው ገንዘብ፣ በ880 ላይ በሙሉ ፍጥነት ጎማው ከሚወልቅበት መኪናና በአጠገቡ ከሚያልፈው ቤተሰብ ሕይወት ጋር ሲመዘን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።